ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዘሽ ሌላ ስትጠብቂ፦ ከአሁኑ እስከ አራስ ቤት

የመጀመሪያውን ስታረግዢ ድካም ሲጫንሽ ጋደም ትያለሽ። በሁለተኛው ጋደም ስትይ ሆድሽ ላይ የሚወጣ ልጅ አለ። ማቅለሽለሹም፣ የወገብ ሕመሙም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱም ያው ነው። የሚለየው ቀኑን ሙሉ "እቀፊኝ"፣ "ውሃ"፣ "እምቢ" የሚል ትንሽ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ነው።

ይህን የምጽፈው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ላላትና ሌላ ለምትጠብቅ እናት ነው። አባቶችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ግማሹ ሥራ የእነሱ ነው። ሁለት ልጆቼን በዚሁ መልክ አከታትዬ ስላሳደግኩ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ደረጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው። በትልቁ ልጅ ላይ የሚመጣው ለውጥ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ይለቅ። ጡት መተው፣ አልጋ መቀየር፣ በአባት እጅ መተኛት፣ ከአዲስ ሞግዚት ጋር መዋል፣ ሁሉም ከሕፃኑ ጋር በአንድ ሳምንት ከመጡ ልጁ ነገሩን የሚረዳው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ይሄ ሕፃን መጣና ሁሉን ወሰደብኝ። ከወራት በፊት አንድ በአንድ ከመጡ ግን ከሕፃኑ ጋር አያገናኛቸውም።

1. ቶሎ ካርድ አውጪ

"ሁለተኛዬ ነው፣ አውቀዋለሁ" ብሎ እስከ አምስተኛው ወር መቆየት የተለመደ ነው። አትቆዪ። የመጀመሪያው ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው በእርግዝናው ጊዜ ቢያንስ ስምንት ጊዜ መታየትን ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር ክትትል በነፃ ነው።

ባለሙያዋ ባትጠይቅሽም አራት ነገር ንገሪያት። የመጀመሪያው ልጅሽ አሁን ስንት ወሩ እንደሆነ። በምጥ ወይስ በኦፕራሲዮን እንደወለድሽው። ያኔ ብዙ ደም ፈሶሽ እንደነበር። አሁንም ጡት እያጠባሽ እንደሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ከሆነ የደም ማነስ ይበዛል። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ ደግሞ አሁን የት እንደምትወልጂ ከወዲሁ መወሰን አለበት።

ልጁን በየቀጠሮው ይዘሽው አትሂጂ። ወረፋ፣ ላብራቶሪ፣ ውጤት መጠበቅ፣ ለእሱም ለአንቺም ፈተና ነው። ከተቻለ አንድ ቀን ብቻ የፅንሱ የልብ ምት ሲሰማ አብሮሽ ይኑር። ሙዝና የሚወዳትን መጫወቻ ያዢ፣ ጠዋት በጊዜ ግቢ።

የሚሰጥሽን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ ውሰጂ። የተለመደው መጠን 60 ሚሊግራም አይረን ከ400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው። ሰገራ ያጠቁራል፤ አትደንግጪ። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያደርጉ ከኪኒኑም ከምግቡም አንድ ሁለት ሰዓት አርቂያቸው። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዘዋል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ይህ ኪኒን ድክ ድክ ለሚል ልጅ መርዝ ነው። ብዙዎቹ ቀይና ለስላሳ ስለሆኑ ከረሜላ ይመስላሉ። ጥቂት ፍሬ እንኳ ትንሽ ልጅን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። አስቢው፣ ልጅሽ ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ መበርበር የሚወደው ምንድን ነው? የእናቱን ቦርሳ! ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ፣ ራስጌም አይቀመጥ። ቁም ሳጥን ላይ ከፍ አድርጊው ወይም ቆልፊበት። ለእንግድነት የመጣች አያት ቦርሳ ውስጥ ያለ መድኃኒትም ያው ነው። ልጁ ከዋጠ ደህና ቢመስልም እንኳ ማሸጊያውን ይዘሽ ወዲያው ሆስፒታል ሩጪ። አንዳንዴ ትንሽ ተሽሎት ከሰዓታት በኋላ ነው የሚብስበት።

2. ጡት የሚጠባ ከሆነ ዛሬ ወስኚ

"የእርጉዝ ወተት ልጁን ያሳምመዋል፣ ያከሳዋል" ሲባል ሰምተሻል። ወተቱ አይመረዝም። እርግዝናሽ ጤነኛ ከሆነ ማጥባት ትችያለሽ። እውነቱ ሌላ ነው። በአራተኛ አምስተኛ ወር ገደማ ወተቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። አንዳንድ ልጅ ራሱ ፊቱን ያዞራል። ልጁ ገና ዓመት ያልሞላው ከሆነ ይህ መቀነስ በክብደቱ ላይ ይታያል፤ ክሳቱን ሰው በወተቱ የሚያሳብበው ለዚህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ምግቡን ማብዛትና ክብደቱን በጤና ጣቢያ ማስለካት ነው። ደም ካየሽ፣ ቀድሞ ያለ ጊዜሽ ወልደሽ ከሆነ፣ ወይም ስታጠቢ ሆድሽ እየጠነከረ የሚያምሽ ከሆነ ግን ከመቀጠልሽ በፊት ባለሙያ አማክሪ።

ማስጣል ከፈለግሽ ከመውለድሽ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይለቅ። አካሄዱ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ የቀኑን አንዱን ሰዓት ዝለይ። ያን ሰዓት ሌላ ነገር ይሙላው፤ አቮካዶ፣ አጥሚት፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ እንቁላል መላጥ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ሌላውን ሰዓት። የመኝታው መጨረሻ ላይ ይቅር፤ እሱ ከባዱ ነው። ለመኝታው አንቺ ከክፍሉ ውጪ፣ አባቱም ውስጥ ቢሆን ይቀላል። የጡትሽን ሽታ እያሸተተ "የለም" መባል ለልጅ ግራ ነው።

እሬት መቀባትን አልመክርም። እናቶቻችን ያደረጉት ቸግሯቸው ነው፤ አልወቅሳቸውም። ግን አስቢ፦ ለእሱ መራራ የሆነበት ጡት ላይ ከጥቂት ወር በኋላ ሌላ ልጅ ተኝቶ ሲጠባ ያያል። መራራው ለእሱ ብቻ እንደነበር ይገባዋል።

ሳይተው ከወለድሽ ደግሞ ችግር የለም። ሁለቱንም ማጥባት ይቻላል። እንገሩ ግን የሕፃኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ሕፃኑ ይቅደም፣ ትልቁ ይከተል።

3. "እቀፊኝ" ሲል

እርግዝናሽ ጤነኛ ከሆነ ልጅሽን ማንሳት በራሱ ክልክል አይደለም። ደም ካየሽ፣ የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዷል ከተባልሽ፣ ወይም ያለ ጊዜው የምጥ ምልክት ካለ ግን ሐኪም እስኪፈቅድ አይነሳም። ስታነሺው ጉልበትሽን አጥፊ፣ ወገብሽን አታጉብጪ፣ ልጁን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ተነሺ። አንቀልባው ሆድሽን ማሰር ሲጀምር ማዘሉን ለሌላ ሰው ተዪው።

ከዚህ የሚሻለው ግን እሱ እንዲወጣ ማስተማር ነው። እኔ ቤት ከሶፋው ጎን አንዲት ዝቅተኛ በርጩማ አስቀመጥን። ልጄ "እቀፊኝ" ሲል እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ እላለሁ። እሱ በርጩማዋን ጎትቶ ያመጣታል፤ ስትንቋረር ከሌላ ክፍል ትሰማለች። አንድ እግሩን ይሰቅላል፣ እጁን ለእኔ ይዘረጋል፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ ዘጭ። ለልጄ ከዕቅፉ የቀረበት ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ራሱ መውጣቱ ያኮራው ነበር። በኋላ ሕፃኗን እያጠባሁ ሳለሁ በዚያችው በርጩማ አጠገቤ ወጥቶ ይቀመጥ ነበር። በኦፕራሲዮን ለምትወልድ ደግሞ ይህ ልምምድ ግዴታ ነው። ለሳምንታት ከሕፃኑ የከበደ ነገር አታንሺ ትባያለሽ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ አሥር አሥራ ሁለት ኪሎ ይመዝናል።

አንድ የአነጋገር ጥንቃቄ። ማቀፍ ሲያቅትሽ "ሕፃኑ እንዳይጎዳ" አትበዪ። "ወገቤ ደክሞታል፣ ቁጭ ልበልና ና" በዪ። "አሁን ሕፃኑ ተኝቷል" ከማለትም "አሁን እጄ ተይዟል" ይሻላል። ገና ያልተወለደ ልጅ ለእያንዳንዱ ክልከላ ምክንያት ከሆነ ሲወለድ በምን ዓይን ይታያል?

ሚኒባስ ስትሳፈሪም አትፈሪ፣ ረዳቱን "ልጁን ተቀበለኝ" በይው። ወርደሽ ከቆምሽ በኋላ ልጁን ተቀበዪው። ልጅ ታቅፎ፣ ሆድ ይዞ፣ ከታክሲ መዝለል መውደቂያ ነው።

4. የልጁን ትርፍራፊ አትብዪ

ይህ ለብዙ እናት አዲስ ነው። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ልጁን ብዙ ጊዜ አያሳምመውም። ፅንስ ላይ ከደረሰ ግን የመስማት ችግርና ሌላም ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ዳይፐር ከቀየርሽ፣ አፍንጫውን ከጠረግሽ፣ ፖፖውን ካጠብሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በእሱ ማንኪያ አትቅመሺ። አፉ ደርሶ የተመለሰውን እንጀራ "ብክነት ነው" ብለሽ አትጉረሺው። ስትስሚው ግንባሩን ወይም ጭንቅላቱን ሳሚው።

5. መኝታውን ከስድስተኛው ወር በፊት ጀምሪ

አብዛኞቻችን ቤት ልጅ የሚተኛው ከእናትና አባቱ ጋር ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ልጅን ብቻውን ክፍል አስገቡት አልልም። ነገር ግን የሁለት ዓመት ልጅ ሲገላበጥ ታውቂዋለሽ። እግሩ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አራስ ሕፃንና እሱ አንድ አልጋ ላይ መተኛት የለባቸውም፤ አንዱ ሌላውን ሊያፍን ይችላል።

ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ከአልጋችሁ ጎን ፍራሽ አንጥፊለት። ያ የእሱ ቦታ ይሁን። አንሶላውን እሱ ይምረጥ። መጀመሪያ የቀኑን እንቅልፍ ብቻ እዚያ ይተኛ። ሲለምደው ማታም። ሌሊት ተነሥቶ ወደ እናንተ ቢመጣ አባቱ ይዞት ይመለስና አጠገቡ ጋደም ይበል። ጥቂት ሳምንት ይፈጃል፤ ለዚህ ነው ቀድሞ መጀመር ያለበት።

ከእናንተ ጋር የቆየበት የሕፃን አልጋ ካለና ለአዲሱ የምትፈልጊው ከሆነ ልጁ ከወጣበት በኋላ ለሁለት ወር ያህል አፍርሰሽ ከዓይኑ አርቂው። ተመልሶ ሲመጣ "አልጋዬ" አይልም።

አንቺም ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጀርባሽ ሳይሆን በጎንሽ ተኝተሽ እንቅልፍ ይውሰድሽ። ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ተኝተሽ ብታገኚው ተገላበጪ፣ ያ ብቻ ነው።

የፖፖ ነገር፦ ልጁ ራሱ ፍላጎት ካሳየ አሁን ጀምሪ። ካላሳየ ከመውለድሽ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት አትጀምሪ፤ ሕፃኑ ከመጣ ከጥቂት ወር በኋላ ይደርሳል።

6. አባት አሁን ይግባበት

"ስትወልጂ እኔ እይዘዋለሁ" የሚል አባት ብዙ ነው። ልጁ ግን ያን ቀን በድንገት አባቱ እጅ ላይ አይተኛም። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ሁለት ሥራ ሙሉ በሙሉ የአባት ይሁን፦ ማጠብና ማስተኛት። እናት እያለችም። "እማዬ ታስተኛኝ" ብሎ የሚያለቅስባቸው ቀናት ይኖራሉ። በዚያን ጊዜ ሮጠሽ አትግቢ። አባቱ በራሱ መንገድ ያባብለው። ተረቱን አሳስቶ ቢያወራ፣ ካልሲውን ገልብጦ ቢያለብስ ተዪው።

የፈቃድ ጉዳይም አሁን ይነሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታገኛለች፤ አባት ሦስት ተከታታይ ቀን። ሦስት ቀን የትም አያደርስም። አባትየው የዓመት ፈቃዱን ሳይጨርስ ለዚያን ጊዜ ያቆየው።

አባቱ አረብ አገር ወይም ክፍለ አገር ሥራ ላይ ከሆነ ይህን ቦታ የሚይዝ ሰው አሁን ምረጪ። እህት፣ አያት፣ የረጅም ጊዜ ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። አዲስ ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ልትቀጥሪ ካሰብሽ ከመውለድሽ ሁለት ወር ቀደም ብላ ትግባ። የሕፃናት ማቆያም ቢሆን እንደዚሁ።

7. ለልጁ መንገር

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ "ከአምስት ወር በኋላ" ቢባል ምንም አይገባውም። ሆድሽ በግልጽ እስኪታይ ቆዪ። ግን ከጎረቤት ከመስማቱ በፊት ከአንቺ ይስማ። አጭር ይሁን፦ "እማዬ ሆድ ውስጥ ትንሽ ሕፃን አለ። ሲያድግ ይወጣል። ቤታችን ይኖራል።" በቃ። ስለ ጊዜ ከጠየቀ በበዓልና በወቅት ንገሪው። "ዝናቡ ሲያቆም"፣ "ችቦ ካበራን በኋላ"፣ "ከገና በፊት" ለልጅ ይጨበጣል።

"የሚያጫውትህ ወንድም ይመጣል" አትበዪ። የሚመጣው የሚተኛ፣ የሚያለቅስ፣ ጡት ላይ የሚውል ሕፃን ነው። ልጁ ኳስ ይዞ ይጠብቅና ያዝናል። ይልቅ የእሱን የአራስነት ፎቶ አሳዪው። "ጥርስ አልነበረህም፣ ትተኛ ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ አቅፌህ ነበር።" አራስ ያለበት ጎረቤት ካለ ይዘሽው ሂጂ፤ ሕፃን አቅፈሽ እንዲያይሽ። የሚሆነውን እዚያው ታይዋለሽ፤ የእኔ ልጅ መጥቶ ቀሚሴን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ሁለቱንም በየጎኔ አስቀመጥኳቸው።

የሚያሳስበኝ የትልልቅ ሰዎች ቀልድ ነው። "ተሻርክ እኮ!" "እናትህ አሁን ሌላ ልጅ አገኘች።" "አንተን እኛ ቤት እንውሰድህ?" በፍቅር ነው የሚሉት። ልጁ ግን ቀልድ አይለይም፤ ያምናቸዋል። አክብረሽ፣ ግን እዚያው ልጁ እየሰማ መልሺ፦ "አይ እትዬ፣ የእኔ ልጅ አይሻርም። ሁለቱም የእኔ ናቸው።" ሰውየው ጋሼም ቢሆን መልሱ ያው ነው። አማትሽ ከሆነች ባልሽ ለብቻዋ አስቀድሞ ይንገራት።

8. ቀኑን ማለፍ

ድካም የሚጸናው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር ነው። ያን ጊዜ ቤቱ እንደ ወትሮው ካልጸዳ አይጽዳ። ልጁ የቀን እንቅልፉን ሲተኛ አንቺም ተኚ፤ ሰሐኑ ይጠብቃል።

ጋደም ብለሽ የምትጫወቺው ጨዋታ ያዢ። ምንጣፍ ላይ በጎንሽ ተኚና ጀርባሽ መንገድ ይሁን፤ መኪናውን ይንዳበት። ሐኪም ይሁንና ይመርምርሽ፣ ፋሻ ይጠምጥምልሽ። ወጥ ቤት ስትሆኚ ድንችና ሽንኩርት ከአንዱ ሳፋ ወደ ሌላው ያመላልስ። ባቄላና ሽምብራ ግን ለትንሽ ልጅ አትስጪ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ትንታም ያመጣል። ስልክና ቴሌቪዥን መፍትሔ የሚመስልበት ቀን ይኖራል። ለሁለት ዓመት ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት በጣም በሚያቅለሸልሽሽ ሰዓት ተጠቀሚባት።

ስንቁን ከሰባተኛው ወር ጀምሮ አዘጋጂ። አብስሎ ፍሪዘር መሙላት መብራት በሚጠፋበት ቤት አያዋጣም። እኛ ጋ የማይበላሽ ምግብ ሞልቷል። ሽሮና በርበሬ አስፈጪ፣ ቅቤ አንጥሪ፣ የገንፎውን የገብስ ዱቄትና የአጥሚቱን እህል አዘጋጂ። ለልጁ ድርቆሽና በሶ ለብቻ ይቀመጥ። አራስ ቤት ሁሉም ለአራሷ ሲያበስል የትልቁ ልጅ ምሳ ይረሳል። የእሱን ምግብ በራሱ ዕቃ፣ በሚታይ ቦታ አስቀምጪ፤ የሚንከባከበውም ሰው ያውቀው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ተጨማሪ ጀሪካን ግዢ።

9. ወርሽ ሲገባ

ሁለት ቦርሳ ይዘጋጅ። የአንቺው የታወቀ ነው፦ የክትትል ካርድ፣ ብር፣ ነጠላና ጋቢ፣ ሰፋ ያለ የሌሊት ልብስ፣ ሞዴስ፣ የሕፃን ልብስና መጠቅለያ፣ ፎጣ፣ ለአጥሚት ቴርሞስ። ሁለተኛው የልጁ ነው። ሁለት ቅያሪ፣ ዳይፐር፣ ይዞት የሚተኛው ነገር፣ መድኃኒት ካለው መድኃኒቱ፣ የአንቺ ሽታ ያለበት አንድ ሻርፕ። በወረቀት ላይ ደግሞ ጻፊ፦ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ይበላል፣ ምን አይስማማውም፣ "ዱዱ" ሲል ምን ማለቱ ነው። ለአያት ይህን መጻፍ ንቀት አይደለም።

የሚጠብቀውን ሰው ሁለት አድርጊ፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ሌሊት የሚደርስ። ምጥ ሌሊት ይወዳል። እናትሽ ከክፍለ አገር የምትመጣ ከሆነ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትምጣ። ልጁ ሌላ ቤት የሚያድር ከሆነ አንቺ ደህና ሳለሽ አንድ ሌሊት እዚያ አድሮ ይልመድ። የአምቡላንስ ቁጥር፣ የቀይ መስቀሉ 907 ነው፣ በር ጀርባ ይለጠፍ። የታወቀ የሰፈር ታክሲ ሹፌር ስልክም እንዲሁ።

ስትሄጂ ተደብቀሽ አትውጪ። ቢያለቅስም ሰላም በይው፦ "ሕፃኑ ሊወጣ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ እመለሳለሁ። አያትህ አብራህ ናት።" ተኝቶ ከሆነ ይህን የሚነግረው ሰው ሲነቃ አጠገቡ ይገኝ።

እነዚህን ካየሽ ቀኑ አልደረሰም ብለሽ አትጠብቂ፣ ልጁን ለማንም ሰጥተሽ ሂጂ፦ ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከትንሽ ልጅ ጋር ስትሯሯጪ የሆድሽን እንቅስቃሴ ልብ አትዪውም። ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ጋደም ብለሽ አዳምጪ።

10. ሕፃኑ ገባ

ትልቁ ልጅ መጀመሪያ ሲያይሽ እጅሽ ባዶ ይሁን። ሕፃኑ አልጋ ላይ ይተኛ ወይም ሌላ ሰው ይያዘው። መጀመሪያ እሱን እቀፊ፣ ከበርጩማው ወደ አልጋሽ ይውጣ፣ ናፍቀሽው እንደነበር ንገሪው። ከዚያ እሱ "የታለ?" ሲል አሳዪው። ካልጠየቀም አታስገድጂው። የሕፃኑን እግር ይንካ፤ ፊት ከመንካት እግር ይሻላል።

አራስ ቤት ልማዳችን አንድ ነገር ያደርጋል። ልጁ "እናትህን እንዳታስቸግር" ተብሎ ከክፍሉ ይባረራል። ውስጥ ገንፎ ይበላል፣ እልልታ አለ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል። እሱ በር ላይ ቆሟል። እባክሽ ይህን አስቀሪ። ልጁ የሚገባበት ሰዓት ይኑረው፤ ገንፎውንም ከአንቺ ሳህን ይቅመስ። የሚያርስሽ ሰው ሥራ ልጁን ማስወጣት ሳይሆን ሕፃኑን ለጥቂት ደቂቃ ተቀብሎሽ አንቺን ለእሱ መስጠት ይሁን። ለእንግዳም አስቀድመሽ ንገሪ፦ ስትመጡ ልጁን መጀመሪያ ሰላም በሉት። ለሕፃኑ ልብስ ይዞ የሚመጣ ሰው ለእሱ አንድ ብስኩት ቢይዝ በቂ ነው። ክርስትናም ሆነ አቂቃ ሲደረግ እሱም አዲስ ልብስ ይልበስ፣ ፎቶው ላይ መሃል ይቁም።

ስታጠቢ ነው የሚመጣብሽ። ስለዚህ ለማጥቢያ ሰዓት ብቻ የሚወጣ ቅርጫት አዘጋጂ። የእኔ ውስጥ የነበረው፦ ክዳኑ የሚሽከረከር ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ያረጀ ሪሞት ባትሪው ወጥቶ፣ ሁለት የሥዕል መጽሐፍ፣ በትንሽ ዕቃ የሚበላ ነገር፣ ቆሎ የመሰለ ሳይሆን ለስላሳ ዳቦ። ማጥባት ስጀምር ይወጣል፣ ስጨርስ ቁም ሳጥን ይገባል። ለዚህ ነው የማይሰለቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኗ ስታለቅስ "ትጥባ!" የሚለው እሱ ሆነ።

ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ሁለቱን ብቻቸውን አትተዪ። ክፋት ስላለበት አይደለም፤ በፍቅር ዳቦ ሊያጎርሳት ይችላል። ጉንፋን ካለበት እጁ ይታጠብ፣ ፊቷ ላይ አይተንፍስ። ሕፃኗ ሁልጊዜ በጀርባዋ ትተኛ፣ በራሷ ቦታ፣ ያለ ትራስ።

ቢመታት እጁን ያዢ፣ ዝቅ በዪ፣ "መምታት አይሆንም፤ እንዲህ ነው የምንነካው" ብለሽ በእጁ እግሯን አስነኪው። አትጩኺ፣ ብዙ አታውሪ። ፖፖ የለመደው ልጅ ሱሪው ላይ ቢሸና፣ ጡጦ ቢጠይቅ፣ እንደ ሕፃን ቢያወራ አትዘልፊው። "ትልቅ ልጅ ሆነህ!" የሚለው ቃል በዚህ ሰሞን ይቅር። ጡት ቢጠይቅ ለማየት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ልጆች ቀምሰው ይሄዳሉ። ጡጦ ከፈለገ ውሃ አድርገሽ ስጪው። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያልፋል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ በር ዘግታችሁ፣ ሕፃኑ ሌላ ሰው ጋ ሆኖ፣ ከእሱ ጋር ብቻ ሁኚ። እሱ የመረጠውን ተጫወቺ።

አንቺስ? ከወለድሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ለቅሶ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ሕፃኑን ወይም ትልቁን ልጅ ያለማየት ፍላጎት ከቆየ ይህ ስንፍና አይደለም። የሚታከም ሕመም ነው፤ ለጤና ባለሙያ ንገሪ። ራስሽን ወይም ልጆችሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ሁለት ሳምንቱን አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

11. የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ

ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው የክትባት ቀኑ ነው፤ አንቺም በዚያው ቀን ታዪ። የትልቁንም ካርድ ያዢ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ነው፤ በእርግዝናው ግርግር የሚረሳው እሱ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤም እንዲሁ።

ስለ ቤተሰብ ምጣኔም በዚያው ቀን ጠይቂ። ከወሊድ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ማቆየት ነው የሚመከረው። "እያጠባሁ ነው፣ አላረግዝም" ማለት የሚሠራው ሦስቱም ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የወር አበባሽም ገና ሳይመለስ ሲቀር። አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ለምታጠባ እናት የሚስማሙ አሉ፤ ባለሙያዋ ታሳይሻለች። ያን ቀን ልጁን የሚይዝ አንድ ሰው አብሮሽ ይሂድ፤ ክትባት ላይ ሁለቱም አብረው ያለቅሳሉ።